«ዝምታ መልሴ ነው» 3 ወር አልከፈለም

ባለፈው እሑድ የብሎካችን ስብሰባ ነበር። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት ሰፈር። ሰው ከአዲስ አበባ ሲወጣ በመስኮት ያየናል። እኛ ደግሞ ማታ ማታ ቤታችን ስንገባ ከአዲስ አበባ የወጣን ይመስለናል።

አጀንዳው አንድ ነው። ውሃ ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ተቃጥሏል። ለማሠሪያ በየቤቱ 500 ብር ይዋጣ ተብሎ በቴሌግራም ግሩፓችን ተወስኗል። የከፈለም ደረሰኙን እዚያው ይለጥፋል። ገንዘብ ያዣችን ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። ግሩፑ ላይ ያለውን ስም ሁሉ በሰማያዊ እስክሪብቶ ደብተር ላይ ገልብጠውታል። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እንደ 7ኛ ክፍል ተማሪ ስማችንን መጥራት ጀመሩ።

«ልዕልት ነኝ!»

ጸጥ።

«ልዕልት ነኝ ማናት? የፓምፕ አልከፈለችም።»

ከኋላ ረድፍ ሲኖትራክ የሚያሽከረክሩት ጎረቤታችን ቀስ ብለው እጃቸውን አወጡ። በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ ሰው ናቸው። «ስልኩን የከፈተችልኝ ልጄ ናት» አሉ። ማንም አልሳቀም። ማለቴ፣ በፊታቸው አልሳቀም።

«ነጥብ!»

«ነጥብ ምንድን ነው ጋሼ?» አለች ጸሐፊያችን።

«ስሙ ነዋ። አንዲት ነጥብ። ከፊትም ከኋላም ምንም የላት። አራት ነጥብ ብትሆን እንኳ ሰውየው ጨርሷል እንል ነበር።»

«ሁሉም ያልፋል» አልከፈለችም። እስኪያልፍ እየጠበቀች ይሆናል። «የእናቱ ልጅ» የሚባሉ ሦስት ሆነው ተገኙ። ከሦስቱ አንዱ ከፍሏል። የትኛው ነው ሲባል ሦስቱም «እኔ ነኝ» አሉ።

«ኪንግ» ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። በቴሌብር ብር ስትልክ ሲሙ የተመዘገበበት ሰው ስም ይወጣል። የኪንግ ሲም የወጣው በእናቱ ስም ነው። ስለዚህ ኪንግ በከፈለ ቁጥር ደብተሩ ላይ የሚጻፉት እናቱ ናቸው። እኛ ሁለት ሰው መስለውን ለአንድ ዓመት ያህል እናትየውን ስናመሰግን፣ ልጁን ስንረግም ኖርን።

«ዝምታ መልሴ ነው!» መምህሩ ቀና አሉ። «3 ወር የጥበቃ አልከፈለም። አሁን ደግሞ የፓምፕ። ማነው?»

መልስ የለም። ስሙን አክባሪ ሰው ነው።

እዚያው ፕላስቲክ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ሐሳብ ይዞኝ ሄደ። እኛ መቼም ስም ቸግሮን አያውቅም። ክርስትና የሚነሳ ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ከቄሱ አንድ ስም ይቀበላሉ። አያት የራሷን ታወጣለች። ሰፈር ቅጽል ይለጥፋል። ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ ሌላ ስም ያወጡላት ነበር። ጀግና በፈረሱ ይጠራል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። የፈረስ ስም እንኳ መጀመሪያ ፈረስ ይፈልጋል። ፈረሱም ጦር ሜዳ ይጠየቅበታል። አባ ነፍሶ ተብለህ ከኋላ ብትቀር አዝማሪ አለ። አልጋው ላይ ተንጋሎ፣ 3 በመቶ ባትሪ ቀርቶት ለራሱ ስም ያወጣ የለም።

ዩዘርኔም ግን ፈረስ አይጠይቅ፣ ቄስ አይጠይቅ። አማት ደግሞ ጭራሽ አይጠይቅ። ብቻህን ነህ። ሰው ብቻውን ሆኖ ለራሱ ስም ሲያወጣ ወይ ንጉሥ ይሆናል፣ ወይ የተከዳ። መሃል የሚባል የለም። «የቤት ኪራይ ያልጨረሰ የሁለት ልጆች አባት» የሚል ዩዘርኔም እስካሁን አላጋጠመኝም።

የሚገርመው፣ ወላጆቻችን ያወጡልን ስም ራሱ ከፖስት አያንስም። ማንያዘዋል። ይበልጣል። ድልነሳው። ማንያህልሃል። እነዚህ ስሞች ጎረቤት እንዲሰማቸው ታስበው የወጡ ናቸው። ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ የሚሉት ደግሞ ሐዘን የገባበት ቤት ስሞች ናቸው። በአንድ ቃል የቤቱን ታሪክ ይነግሩሃል። እንግዲህ ማንያህልሃል ተብሎ ያደገው ልጅ ቲክቶክ ሲከፍት ምን ይላል? «ቤቢ ቦይ»። አባቱ ፎክሮ ያወጣውን ስም ልጁ ጡጦ አስይዞ መለሰው።

ፌስቡክም የኛ ስም አልገባውም። የራስ ስምና የቤተሰብ ስም አምጡ ይላል። የቤተሰብ ስም የት አለን? ያለን አባት ነው። ሳጥኑ ሁለት መሆኑን ያየ ወገን ሁሉ ተረቱን፣ ጸሎቱን፣ ቂሙን ለሁለት ከፍሎ አስገባበት። ጊዜ የራስ ስም፣ ለኩሉ የአባት ስም። ፌስቡክ የዋህ ነው፣ ያምናል። በየዓመቱ «ዛሬ የጊዜ ልደት ነው፣ መልካም ምኞትዎን ይግለጹ» ይለኛል። እገልጻለሁ። ምን አገባኝ።

ቴሌግራም ጋ ግን ነገሩ ይጠብቃል። ላይ የሚታየውን ስም በፈለግኸው ፊደል ጻፍ፣ ከልካይ የለህም። ዩዘርኔሙን ግን በላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በአንደርስኮር ብቻ ነው የሚቀበልህ። ከ5 ያላነሰ፣ ከ32 ያልበለጠ። 33ቱን በ7 አባዝተን የያዝነውን ሀብት በር ላይ አራግፈህ ትገባለህ። ቅድስት በኬ ትጀምር ወይስ በኪው? ጽጌ ቲን ታስቀድም ወይስ ኤስን? የጥላሁን ጥ እና የተስፋዬ ተ እዚያ ሲደርሱ እኩል ሆነው ይቀመጣሉ። ሳራ የምትባል ሴት ደግሞ በላቲን አራት ፊደል ብቻ ስለሆነች አትገባም። ካልሆነልኝ ካለች ጨረታ አለላት። ቴሌግራም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አጫጭር ስሞችን፣ ባለ 4 ፊደሎቹን ጨምሮ፣ በጨረታ ያስተላልፋል። መሬት በሊዝ፣ ስም በጨረታ። መሃል ከተማን ለባለገንዘብ ለቀን ወጣን። አሁን ደግሞ ከስማችንም መሃል ወጥተን ዳሩ ላይ ቁጥር ቀጥለን እንኖራለን።

የቀረው ስም ሁሉ ተይዟልና። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስተህ ቦኖ ጋ ትወርዳለህ። ጅቡ ገና አልገባም። አንደኛ ነኝ ብለህ ስትደርስ ሃያ ቢጫ ጀሪካን ተሰልፎ ይጠብቅሃል። ሰው የለም። ባለቤቶቹ ቤታቸው ተኝተዋል፣ ጀሪካኑ ግን ተራ ይዟል። ስምህም እንደዚያ ነው። አንድ የማታውቀው ሰው ከስንት ዓመት በፊት መጥቶ፣ ስምህን ከነአባትህ ይዞ፣ አንዲት ቃል ሳይጽፍ ተኝቷል። መቀስቀስ አትችልም።

ይሄኔ ነው የትውልድ ዘመን የሚቀጠለው። እዚህ ጋ አንድ ጓደኛዬ ተጎድቷል። ስሙ ላይ 92 ጨመረበት። በኛ አቆጣጠር መሆኑ ነው። ካናዳ ካለች ልጅ ጋር በመልእክት ተግባብተው፣ ነገሩ ወደ ቁም ነገር ሊሄድ ሲል «እኔ ትልቅ ሰው አልፈልግም» አለችው። ፈረንጅ አገር ያደገች ናት፣ በፈረንጅ ቆጥራ 8 ዓመት ጨመረችበት። ልጁ የልደት ካርዱን ፎቶ አንስቶ ላከላት። ካርዱም በኛ አቆጣጠር ነው። ነገሩ በዚያው ቀረ።

ዩዘርኔም ለመጻፍ እንጂ ለመናገር አልተፈጠረም። ከቃሊቲ ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ አንዲት ልጅ ዩዘርኔሟን በስልክ ታስጽፋለች። «አይደለም፣ ሁለት ኤክስ። ከዛ ከሥር ያለችው ሰረዝ። አይ፣ ከሥር! ከዛ ዋይ። እንደገና ኤክስ።» ኔትወርኩ ይቋረጣል፣ ትደግመዋለች። በአራተኛው ታክሲው በሙሉ ስሙን ሸምድዶታል። ረዳቱ የሰበሰበውን ብር በጣቶቹ መሃል አጥፎ ዞር አለና «እህት፣ መጨረሻ ላይ ያለችው አንደርስኮር ግን አንድ ናት ሁለት?» አላት። ከልቡ ነው የጠየቀው።

ለራሳቸው ማውጣት የማይፈልጉም አሉ። ከአስፋልቱ ማዶ ስልክ የሚጠግን፣ ኢሞና ቴሌግራም የሚከፍት ልጅ አለ። ሥራው ይበዛበታል። የሰፈራችን እናቶች ቤይሩትና ዱባይ ያሉ ልጆቻቸውን ለማየት ስልካቸውን ይዘውለት ይመጣሉ። «ስም ማን ልበል ማዘር?» ይላል። «አንተ እንዳየኸው ልጄ» ይላሉ። እሱ እንዳየው ማለት የሱቁን ስም ጽፎ ቁጥር ይቀጥላል ማለት ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሁን ሰፈሩ ውስጥ ከሱቁ ባለቤት ይልቅ የሱቁን ስም የያዙ እናቶች ይበዛሉ። አሥራ አራተኛዋ ጎረቤቴ ናቸው። ፎቷቸውን የመስቀል ደመራ አድርገውታል። ልጃቸው ዱባይ ሆና ስትደውል የሚመጣላት ስም የስልክ ጥገና ነው። አንድ ቀን ተሳስታ «ስክሪን ስንት ነው?» ብላቸው እንዳይሆን እሰጋለሁ።

እኔስ? የሰው ስም ሳወራ የራሴን ደብቄ። የመጀመሪያ ኢሜይሌን የከፈትኩት ኢንተርኔት ካፌ ነው። በደቂቃ በሚታሰብበት፣ አንድ ገጽ ሲከፈት ማኪያቶ በሚቀዘቅዝበት ዘመን። ያሁ ላይ ስሜን ሞከርኩ፣ ተይዟል። ደቂቃው ይቆጥራል። ከአባቴ ጋር ሞከርኩ፣ ተይዟል። ኪሴ ያለችውን ሳንቲም አሰብኩ። ካፌው ውስጥ የሚሠራው ልጅ በትከሻዬ በኩል አጎነበሰና «ላቭሊቦይ በል፣ ያዝልሃል» አለኝ። ያዘልኝ። ከኋላው አራት ቁጥር ጨምሮ። ከኔ በፊት ስንት ላቭሊቦይ እንዳለ እዚያ ነው የገባኝ።

ከዓመታት በኋላ ሥራ አመለከትኩ። ሲቪዬ ላይ ያለኝን ኢሜይል አሰፈርኩ፣ ሌላ የለኝማ። ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። የአጎቴን ኮት ለብሻለሁ፣ እጅጌው ጣቴ ላይ ይደርሳል። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሃል ያሉት እመቤት ወረቀቱን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ያዙ። «መልስ የምንልክልዎት…» አሉና አቆሙ። ቀና ብለው አዩኝ። እንደገና ወረቀቱን አዩ። «ላቭሊቦይ የሚለው እርስዎ ነዎት?»

«አዎ» አልኩ። ምን ልበል? መልሱ እስካሁን አልመጣም። ኢሜይሉን ግን አሁንም አልፎ አልፎ ከፍቼ አያለሁ።

ወደ ስብሰባው ልመለስ። ኮሚቴው ሁለት ውሳኔ አሳለፈ። አንደኛ፣ ሁሉም አባል ግሩፑ ላይ በቤት ቁጥሩ እንዲጠራ። ሁለተኛ፣ ገንዘብ ያዣችን ዩዘርኔም እንዲወጣላቸውና ደረሰኝ በቀጥታ ለሳቸው እንዲላክ።

ማታ ላይ የመጀመሪያው ተፈጸመ። በከፊል። «ልዕልት ነኝ 302» ብቅ አለች። «ኪንግ 211» ከነዘውዱ መጣ። «ነጥብ» አጠገቡ 104 ተጽፎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ያለው ሰው መሰለ። ሦስቱ የእናቱ ልጆች አንድ ቤት የሚኖሩ ወንድማማቾች ሆነው ተገኙ።

ሁለተኛውን ጸሐፊያችን ተረከበችው። ደረጃው ላይ ከመምህሩ ጋር ተቀምጣ «ገንዘብ ያዥ» ብላ በላቲን ሞከረች። ተይዟል። መሃሉ ላይ አንደርስኮር ጨመረች። ተይዟል። ዜድ ሁለት አደረገች። ተይዟል። መምህሩ «በዚህ አገር እንዲህ ስንት ገንዘብ ያዥ አለ?» አሉ በመደነቅ። በመጨረሻ መጨረሻው ላይ 2 ስትጨምርበት ገባላት።

ሰኞ ጠዋት ማስታወቂያው ተለጠፈ፦ «ውድ ነዋሪዎች፣ ደረሰኝ የምትልኩት ለገንዘብ ያዥ 2 ነው።»

ለአሥር ደቂቃ ማንም አልጻፈም። ከዚያ ግሩፑ ከተከፈተ ጀምሮ አንዲት ፊደል ጽፎ የማያውቀው «ዝምታ መልሴ ነው» እየጻፈ እንደሆነ ታየ። ሥራዬን አቁሜ ጠበቅኩ። ብሎኩ በሙሉ የጠበቀ ይመስለኛል።

«ይቅርታ፣ አንደኛው ገንዘብ ያዥ ማነው?» አለ።

«እውነት፣ ማነው?» አለች ልዕልት ነኝ። «እኛ እስከ ዛሬ ለማን ነበር ስንከፍል የኖርነው?» አለ ኪንግ። ነጥብ የጥያቄ ምልክት ላከ። እስከ ምሳ ሰዓት ኦዲት ይደረግልን የሚሉ አሥራ አንድ ሰዎች ተቆጠሩ። መምህሩ ሦስት ገጽ ማብራሪያ በድምፅ ላኩ፣ ማንም አልሰማውም።

ፓምፑ እስካሁን አልተሠራም። አንደኛው ገንዘብ ያዥ እየተፈለገ ነው።