ማስተካከያ፦ ወደ አሜሪካ ስለሚወሰድ ቋንጣና ገንዘብ
ባለፈው ጽሑፌ ከአዳማ ወደ አሜሪካ ለምትሄዱ «ቋንጣ በደንብ ከደረቀ ችግር የለውም» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። ከእኛ አገር የሚሄድ የበሬ ሥጋ ቢደርቅም፣ በበርበሬ ቢታሽም አይገባም። ምክንያቱ አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ ነው። እናት ደክማ ያዘጋጀችው ቋንጣ ኤርፖርት ላይ ሲጣል ማየት አንጀት ይበላል፤ እባካችሁ ቀድማችሁ ንገሯት። በርበሬና የተቆላ ቡና ግን ይገባሉ። ብቻ የያዛችሁትን ምግብ በሙሉ አስመዝግቡ። ያስመዘገበ ሰው የተከለከለው ዕቃ ይወሰድበታል፤ የደበቀ ግን በገንዘብ ሊቀጣ ይችላል።

«ከ10,000 ዶላር በላይ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ያልኩትም ልክ አይደለም። መያዝ ይቻላል፣ ማሳወቅ ግን ግዴታ ነው። ይህ የአሜሪካ ሕግ ነው፤ ከኢትዮጵያ ስትወጡ የሚጠየቀው ሌላ ነው።