የጥንቱ ጫካ ዊንተር ላይም ክፍት ነው፣ አውቶብሱ ግን የለም

ሲያትል አካባቢ ያለን ሀበሾች ከኖቬምበር ጀምሮ በር እንዘጋለን። ስራ፣ ቤት፣ ቅዳሜ ክርስትና ወይ ለቅሶ፣ እሁድ ቤተክርስቲያን፣ ዓርብ ጁምዓ፣ በቃ። ዝናቡ አያባራም፣ ሰማዩ ለሳምንታት ግራጫ ነው፣ ዲሴምበር ላይ ፀሐይዋ ከሰዓት 4፡30 ሳይሞላ ትጠልቃለች፣ ማታ ማታ የሚሰራው ሰውማ ብርሃን የሚባል ነገር ሳያይ ሳምንት ያልፈዋል። ሃይኪንግ ሲባል ደግሞ የሰመር ነገር አድርገን ነው የያዝነው፣ ጁላይ ላይ ተራራ ወጥቶ ፎቶ መነሳት።

እኔ ግን የዚህ አገር ጥንታዊ ጫካ፣ ማለትም ተቆርጦ የማያውቀው፣ የሚታየው ዊንተር ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ተራራው በረዶ ሲለብስ ዝቅ ያለ ቦታ ያለው ጫካ ዝናብ ብቻ ነው የሚያገኘው። የሜፕሉ ቅጠል ስለሚረግፍ ብርሃን ወደ ታች ይገባል፣ ግንዱ ላይ ያለው የዛፍ ሽበት (ሞስ የሚሉት) ውሃ ጠጥቶ አረንጓዴው ይደምቃል፣ በሰመር ደርቆ የጠፋው ትንሹ ፈርን ዝናቡ ሲመጣ ከዛፉ ቅርንጫፍ ላይ እንደገና ይበቅላል። ከመቶ ዓመት በፊት የወደቀ ግንድ መሬት ላይ ተጋድሞ በላዩ ላይ የሄምሎክ ችግኝ ተሰልፎ ታያላችሁ፣ የሞተው ዛፍ ነው አዲሶቹን የሚያሳድጋቸው። ሰውም የለም። ጁላይ ላይ ፓርኪንግ የማይገኝበት ቦታ ጃንዋሪ ላይ ብቻችሁን ናችሁ ማለት ይቻላል።

ችግሩ እንዲህ አይነት ጫካ በጣም ጥቂት መሆኑ ነው፣ ጥቂት የሆነበትም ምክንያት ለዊንተር የሚመች ከመሆኑ ጋር አንድ ነው። በረዶ የማይዘው ዝቅ ያለ ቦታ ለእንጨት ቆራጩም የሚመች ነበር። ሄንሪ የስለር የመጀመሪያውን በእንፋሎት የሚሰራ የእንጨት ፋብሪካ ሲያትል ላይ በ1853 ሲያቆም ቆረጣው የተጀመረው ከባህሩ ዳር ነው፣ ግንዱን ወደ ውሃ አንከባሎ ማውረድ ይቀላላ። ከዛ ወደ ወንዞቹ ሸለቆ፣ ከዛ ወደ ተራራው እግር። ስለዚህ ዛሬ የተረፈው ትልልቅ ዛፍ አብዛኛው ከፍ ያለና ዊንተር ላይ በረዶ የሚዘጋው ቦታ ነው፣ ዝቅ ያለው ላይ የቀረው ፍርፋሪ ነው። ቦታውን በአይናችሁ መለየት ትችላላችሁ፣ ጫካ ውስጥ ትልቅ ጉቶ ካያችሁና ጎኑ ላይ እንደ አፍ የተፈለፈለ ቀዳዳ ካለው ድሮ ቆራጮቹ ሳንቃ ሰክተው የቆሙበት ነው፣ ያ ጫካ ተቆርጦ እንደገና የበቀለ ነው ማለት ነው። ጥንታዊው ጫካ ውስጥ ቅርፊቱ በጥልቅ የተሰነጣጠቀ ዳግላስ ፈር፣ ቆሞ የደረቀ ግንድ፣ የወደቀ ግንድ፣ ትልቁም ትንሹም ዛፍ ተደባልቆ ነው የምታዩት።

ከፍርፋሪው አንዱ ደግሞ እኛው ሰፈር ነው ያለው! ሱዋርድ ፓርክን ብዙዎቻችን የምናውቀው ለሰርግ ፎቶና ለባርቤኪው ነው። ሬኒየር ቫሊ ለሚኖር ሰው ጎረቤት ነው፣ 50 ቁጥር አውቶብስ ከኮሎምቢያ ሲቲም ከኦቴሎ ጣቢያም ይወስዳል። ሲቲው መሬቱን የገዛው በ1911 ነው፣ ውስጡ ያለው ጫካ ሳይቆረጥ ስለቆየ ከ250 ዓመት በላይ የሆናቸው ዛፎች አሉበት፣ አፄ ቴዎድሮስ ሳይወለዱ የበቀሉ ማለት ነው። አገር ቤት ዙሪያው ታርሶ ታርሶ ጥዱና ወይራው የደብሩ ቅጥር ውስጥ ብቻ እንደተረፈው ማለት ነው፣ እዚህም ከተማው ዙሪያውን በልቶት መሀሉ ቀርቷል። ሀይቁ ዳር ያለውን አስፋልት ዞረን እንመለሳለን እንጂ ወደ መሀል ወደ ላይ የሚገባውን የአፈር መንገድ የሚይዝ ሀበሻ ብዙ አላይም። እባካችሁ ግቡ። ክፍያ የለውም፣ ምንም ፓስ አይጠይቅም፣ ልጅ ይዞ ለመሄድ ይመቻል። ግን ከመንገዱ አትውጡ፣ ምክንያቱም ከ2013 ጀምሮ እዛ ጫካ ውስጥ ሶርድ ፈርን የሚባለው መሬቱን የሚሸፍነው ተክል በጅምላ እየሞተ መሬቱ ራቁቱን የቀረበት ቦታ አለ፣ ባዶ አፈር ላይ እግር ሲበዛ ደግሞ ይብሳል።

ትንሽ ራቅ ብሎ ታኮማ ውስጥ ፖይንት ዲፋያንስ አለ፣ እሱም ከተማ ውስጥ የተረፈ ትልቅ ጫካ ነው። ለኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ፌደሬሽን ፎረስት ስቴት ፓርክ ነው፣ ከኢነምክሎ አልፎ በ410 መንገድ፣ ዋይት ሪቨር ዳር። ታሪኩ ብዙ ያስተምራል። የዋሽንግተን የሴቶች ክለቦች ፌደሬሽን ናቸው ገንዘብ አዋጥተው ጫካው እንዲተርፍ ያደረጉት፣ መጀመሪያ የገዙት ቦታ ስኖኳልሚ አካባቢ ነበር፣ ነገር ግን ዙሪያው ሲቆረጥ የቀረው ዛፍ ከለላ አጥቶ ንፋስ ጣለው፣ ከዛ ነው አሁን ያለው ቦታ በ1940ዎቹ የተተካው። ትንሽ ጫካ ብቻውን ሲቀር ራሱን መከላከል አይችልም፣ ሰው ሊቆምለት ይገባል፣ ሰው ደግሞ የሚቆመው ለሚያውቀው ነገር ነው።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነጥቤ። ኪንግ ካውንቲ ትሬይልሄድ ዳይሬክት የሚባል አውቶብስ አለው፣ በ2017 የተጀመረ፣ መኪና የሌለውን ሰው ከከተማ አንስቶ ሃይኪንግ የሚጀመርበት ቦታ ድረስ የሚያደርስ። ግሩም ሀሳብ ነው። የሚሰራው ግን በሞቃቱ ወራት ቅዳሜና እሁድ እና በበዓል ቀን ነው፣ ብርዱ ሲመጣ ይቆማል። ዊንተር ላይ ማውንት ሳይ ድረስ ህዝብ ጭናችሁ በረዶ ውስጥ ጣሉት እያልኩ አይደለም። ዝቅ ያለው ጥንታዊ ጫካ ድረስ ውሰዱን ነው። በፌደሬሽን ፎረስት በኩል የሚያልፈው 410 እኮ ላይ ተራራው ጋ ቺኑክ ፓስ ላይ ነው ዊንተር የሚዘጋው፣ እስከ ክሪስታል ማውንቴን መታጠፊያ ድረስ ለስኪ ተጫዋቾች ተብሎ በረዶው እየተጠረገ ክፍት ሆኖ ይከርማል። መንገዱ ተጠርጓል፣ ጫካው አለ፣ የቀረው አውቶብስ ነው። የስኪ ቲኬት መግዛት የሚችል ሰው መኪናም አለው፣ ሆቴል ክፍል ስታጸዳ ወይ ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን ሳምንቱን ሙሉ የዋለው ሰው ነው ቅዳሜ ጠዋት እዛ የሚያደርሰው የሌለው።

ሩቅ ያሉት ቦታዎች ደግሞ መንገዳቸው እየከዳ ነው። ካርበን ሪቨር፣ ማውንት ሬኒየር ስር ያለው የዝናብ ጫካ፣ ለዊንተር ከሚመረጡት አንዱ ነበር፣ ወደዛ የሚወስደው በ1921 የተሰራው የፌርፋክስ ድልድይ ኤፕሪል 2025 ላይ አርጅቷል ተብሎ ለመኪና ለዘለቄታው ተዘጋ። ኦሊምፒክ ናሽናል ፓርክ ያለው የሆ ሬይን ፎረስት መንገድ ዲሴምበር 2024 በጎርፍ ተቆርጦ እስከ ሜይ 2025 ዝግ ነበር። ማውንት ሬኒየር ፓርክ ውስጥ ያለው የግሮቭ ኦፍ ዘ ፔትሪያርክስ ጫካ ተንጠልጣይ ድልድይም በ2021 በጎርፍ ተጎድቶ ነው የተዘጋው። በዚህ ጊዜ ቅርብ ያለውን መያዝና ሰው እንዲደርስበት ማድረግ ቅንጦት አይደለም።

እስከዛው መኪና ያለው ወይ ጓደኛ ያለው ሰው እንዴት ይፈልግ? የዋሽንግተን ትሬይልስ አሶሴሽን ዌብሳይት ላይ ገብታችሁ ጥንታዊ ጫካ የሚለውን ምርጫ ምረጡ፣ ከዛ ከፍታውን እዩ፣ ከ2000 ጫማ በታች ያለው ብዙውን ጊዜ ይሻላል፣ ከሁሉም በላይ ግን በዛ ሳምንት የሄደ ሰው የጻፈውን አንብቡ፣ ድልድይ ሄዷል፣ ዛፍ ወድቋል፣ በረዶ ጀምሯል የሚለውን የሚነግራችሁ እሱ ነው። የስቴት ፓርክ ዲስከቨር ፓስ የሚባል የመኪና ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ የዓመቱ ከ30 ወደ 45 ዶላር ገብቷል፣ ግን በስቴቱ ብዙ ላይብረሪዎች እንደ መጽሐፍ ያውሱታል፣ ጠይቁ። ጂንስ አትልበሱ፣ ጥጥ ከረጠበ አያሞቅም። ጫካ ውስጥ ከውጪው ቀድሞ ይጨልማል፣ ስለዚህ ጠዋት ሂዱ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት ያዙ፣ ካርታውን ቤት እያላችሁ ስልካችሁ ላይ ዳውንሎድ አድርጉ ምክንያቱም ኔትወርክ አይኖርም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፣ ንፋስ ካለ አትሂዱ። ዝናብ ችግር የለውም፣ ንፋስ ግን ይገድላል። ኖቬምበር 2024 በመጣው ማዕበል ዛፍ ወድቆባቸው የሞቱ ሰዎች አሉ፣ አንዷ እንዲያውም ቤቷ ውስጥ ነበረች። አሮጌ ዛፍ ላይ የደረቀ ቅርንጫፍ ከላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል፣ መቼ እንደሚወርድ አይታወቅም።

ለካውንቲው የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ከኖቬምበር እስከ ማርች በወር ሁለት ቅዳሜ፣ ከኦቴሎ ጣቢያ ተነስቶ በሬንተን በኩል አድርጎ ፌደሬሽን ፎረስት ደርሶ፣ ሳይጨልም የሚመለስ አንድ አውቶብስ። የካውንስል አባላችሁ ማን እንደሆነ አድራሻችሁን አስገብታችሁ ማየት ይቻላል፣ ደውሉ ወይ ጻፉ፣ የቤተክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤትም፣ የመስጊድ ወጣቶችም፣ የእድርና የማህበር ኮሚቴም በጋራ ፈርመው ቢልኩ ይሻላል። በጀቱ ከመጽደቁ በፊት ይሁን።