የተቀደደው ጡቴ፣ የሚያመኝ ጉሮሮዬ

ከጡቷ ትንሽ እጢ የወጣላት ልጅ ናት። ሥራው 20 ደቂቃ አልፈጀም። በማግስቱ ዎርድ ስገባ ድምጿ ሻክሮ ጠበቀችኝ። «የተቀደደው ጡቴ፣ የሚያመኝ ጉሮሮዬ! ምን አርጋችሁኝ ነው?» አለች። እናቷ ከጎኗ ሆነው «አብሽሪ ልጄ፣ ብርዱ ነው» ይሏታል።

ብርዱ አልነበረም። እኔ ነበርኩ። ለ20 ደቂቃ ሥራ የመተንፈሻ ቱቦ፣ እኛ ቲዩብ የምንለውን፣ አስገብቼባታለሁ።

ሥራዬ ሰመመን መስጠት ነው፤ ወሎ ውስጥ። ሰው በሰመመን ሲተኛ ምላሱ ወደ ኋላ ይወድቅና የአየር መግቢያውን ይዘጋዋል። መንገዱን ክፍት የሚያደርግ ነገር የግድ ነው። ቀላሉ የፊት ማስክ ነው፤ ግን እጅ ያስራል። ሩብ ሰዓት አገጭ ደግፎ ማስክ የያዘ ሰው ጣት እንዴት እንደሚዝል ያውቀዋል። በሽተኛው ጢማም ከሆነማ አየሩ በየጎኑ ያፈተልካል።

ቲዩቡ በላሪንጎስኮፕ (ጉሮሮ ማያ መሣሪያ) ምላስ ተነሥቶ፣ በድምፅ አውታሮቹ መሃል አልፎ አየር ቧንቧ ውስጥ ይገባል። ለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት እንሰጣለን። ሲገባ የደም ግፊትና የልብ ምት ሽቅብ ይወጣሉ። ሲወጣ ያስላል። ከእነዚህ ጡንቻ አዝላዮች አንዱን፣ ሳክሳሜቶኒየምን፣ የወሰደ ሰው ደግሞ በማግስቱ ዱላ እንደቀመሰ ሰውነቱን ሊያመው ይችላል።

በመሃል ኤልኤምኤ የምንለው ላሪንጂያል ማስክ አለ። እንግሊዛዊው የሰመመን ሐኪም አርቺ ብሬይን በ1981 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የጀመረው ነው። መነሻ የሆነው ለጥርስ ሕክምና አፍንጫ ላይ የሚደረግ ማስክ ነበር። ኤልኤምኤ ከአየር ቧንቧው በር በላይ ይቀመጣል እንጂ ውስጥ አይገባም። ላሪንጎስኮፕም አይፈልግም። አይጄል የሚባለው የኋላኛው ዓይነት በአየር የሚነፋ ክፍል እንኳ የለውም። ኤልኤምኤንና ቲዩብን ያነጻጸሩ ጥናቶችም በኤልኤምኤ የጉሮሮ ሕመም፣ ሳልና የድምፅ መሻከር እንደሚቀንስ ደጋግመው አሳይተዋል።

ታዲያ ለምን ቲዩብ? ልማድ ነዋ። «ቲዩብህን አስገባና አርፈህ ተቀመጥ» ይለን ነበር አንድ ነባር ባለሙያ። ፍርሃቱ ከመሬት የመጣ አይደለም። ኤልኤምኤ በር ላይ ይቀመጣል እንጂ በሩን አይቆልፍም። ጨጓራው የሞላ ሰው ካስመለሰ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ለነፍሰ ጡር፣ አንጀቱ ለተዘጋ፣ ምግብ ለበላ ሰው ቲዩብ ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ባዶ ሆዱን ለመጣና ቶሎ ለሚያልቅ ሥራ ነው። ለእሱ ኤልኤምኤ ይቅደም።

ባዶ ሆድ የምንለው ነገር ግን እኛ ጋ ጣጣ አለው። አንድ ረመዳን ላይ አንዲት እናት ጠዋት 3 ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ወጡ። «እማማ፣ ምን ቀመሱ?»

«ኧረ ጾም ነኝ ልጄ።»

«ሱሁርስ?»

«እሱማ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል በላሁ!»

ደረቅ ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት ይፈልጋል። እሳቸው ገና አራት ተኩላቸው ነው። ከጠረጴዛው ወርደው ከመጨረሻው ተራ ገቡ። «ጾም ነዎት?» ብለን ዝም ብንል ኖሮ የኤልኤምኤ ጥፋት ተብሎ ይወራ ነበር። ጥያቄው «መጨረሻ የበሉት ስንት ሰዓት ነው?» መሆን አለበት።

ሌላው ዕቃ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴ ሆስፒታል ሲዘረፍ ሁላችንም የምናስበው ትልልቁን ማሽን ነበር። መሳቢያ ውስጥ የምትገባን ኤልኤምኤ ማን ያስታውሳል? ቲዩብ ግን እንደምንም አይጠፋም። ስለዚህ እጃችን ወደሚገኘው ይሄዳል። ኤልኤምኤ እንደ ሰውየው ክብደት በቁጥር ይለያያል፤ ቁጥር 3 ብቻ ባለበት 75 ኪሎ ሰው ላይ ሞክረህ አየሩ ሲያፈስ «ኤልኤምኤ አይረባም» ማለት ትክክል አይደለም። በሰውዬው ልክ ቁጥር 5 ነበር የሚያስፈልገው።

አያያዙም እንደዚያው። ቁጥር 4 ላይ የተጻፈው 30 ሚሊ ሊትር አየር ከፍተኛው ልክ ነው እንጂ የግድ የሚሞላ አይደለም። እስኪወጠር ከነፋኸው እሱም ጉሮሮ ያሳምማል። ብዙ ጊዜ ግማሹ ይበቃል። ፕሮፖፎል የሚባለው የሰመመን መድኃኒት ካለ ደግሞ ሥራው ይቀላል፤ ጉሮሮን ያረጋጋል። ሰመመኑ ሳይጠልቅ ማስገባት ግን ጉሮሮው ጥርቅም እንዲል መጋበዝ ነው።

አንድ ጊዜ ተጠቅመህ ጣለው የተባለውን አጥቦ መመለስም አለ። አይቻለሁ፤ አድርጌዋለሁም። ሲሊኮኑ ክላሲክ ኤልኤምኤ ግን በአግባቡ ታጥቦ በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) እየተመከነ እስከ 40 ጊዜ እንዲሠራ ተብሎ የተሠራ ነው። ግዢ ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ይህን ቢያውቁት ሒሳቡ ይገባቸዋል። ቆጠራው ግን መጻፍ አለበት።

እኛ በየዕቃው ካርድ አሥረናል። ባለፈው ሳምንት የቁጥር 4ቱ ካርድ 31 ደርሷል። ቁጥር 5 ገና አልመጣም።