የሎግ ማቆያ ጊዜ ከመጀመሪያው ቀን ይወሰን

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የክላውድ አገልግሎትን (በኢንተርኔት የሚከራይ ኮምፒዩተርና ማከማቻ) በዶላር የሚከፍሉ የአገራችን ድርጅቶች ወጪያቸውን መስመር በመስመር ሊመረምሩ ይገባል። በእኔ እምነት ምርመራው ከአፕሊኬሽን ሎግ፣ ማለትም ሶፍትዌር የሥራውን ሂደት ከሚመዘግብበት ፋይል፣ መጀመር አለበት፤ ሎግ በየሰከንዱ እየተጠራቀመ፣ አብዛኛው ተመልሶ ሳይታይ ለዓመታት የሚከፈልበት መረጃ ነውና።

ሎግ የሚሰበስበውን የአማዞን አገልግሎት፣ ክላውድዋችን፣ እንውሰድ። የማቆያ ጊዜ ካልተወሰነለት የገባበት ሎግ ፈጽሞ አይሰረዝም። አማዞን በአሜሪካ ሰሜን ቨርጂኒያ ላለው የመረጃ ማዕከሉ ባወጣው ታሪፍ አንድ ጊጋባይት መደበኛ ሎግ ለማስገባት ብቻ 0.50 ዶላር ይከፈላል፤ በዚሁ ገንዘብ ያንኑ ጊጋባይት ኤስ3 በተባለው የአማዞን የፋይል ማከማቻ ውስጥ፣ እምብዛም ለማይነካ መረጃ በተዘጋጀው ርካሽ ክፍል (ግላሲየር ዲፕ አርካይቭ) ከ40 ዓመት በላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ስለዚህ ለምርመራ የማይፈለገውን የዲበግ ሎግ (ፕሮግራመሮች ስህተት ለመፈለግ የሚያስጽፉትን ዝርዝር) ከምንጩ ማስቀረት፣ ለኦዲት ብቻ የሚያስፈልገውን ደግሞ በቀጥታ ወደ ኤስ3 መላክ ይሻላል።

የዲፕ አርካይቭ ዋጋ ለአንድ ቴራባይት በወር 1 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ በመደበኛው ኤስ3 ግን 23 ዶላር ገደማ ነው። ልዩነቱ የሚያጓጓ ቢሆንም ብዙዎች የማያስተውሉት ወጥመድ አለው። እያንዳንዳቸው 10 ኪሎባይት የሆኑ 1 ሚሊዮን የሎግ ፋይሎች ተደምረው 10 ጊጋባይት ብቻ ይሆናሉ፤ የወር ማስቀመጫቸው 1 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነው፤ ወደዚያ ለማዛወር ግን 50 ዶላር ይጠይቃሉ፤ ክፍያው የሚታሰበው በፋይሎቹ ብዛት እንጂ በመጠናቸው አይደለምና። በዚህ ላይ በእያንዳንዱ ፋይል 40 ኪሎባይት የማውጫ መረጃ (ፋይሉን ለይቶ ለማወቅ የሚያገለግል መዝገብ) ይጨመራል፤ ይህም ከሎጉ ራሱ አራት እጥፍ ነው። መፍትሔው ሎጎቹን በሰዓት ወይም በቀን አጠቃልሎ፣ ጂዚፕ በተባለው የፋይል ማመቂያ አምቆ፣ ከዚያ በኋላ ማዛወር ነው። ይህ የአንድ ባለሙያ የጥቂት ቀናት ሥራ ስለሆነ ለነገ ሊባል አይገባም።

ወደ ዲፕ አርካይቭ የገባ ፋይል ከ180 ቀን በፊት ቢሰረዝም የ180 ቀኑ ክፍያ አይቀርም፤ መልሶ ለማውጣትም እስከ 12 ሰዓት፣ በርካሹ መንገድ ደግሞ እስከ 48 ሰዓት ይፈጃል። ሲስተም ሲቆም የሚፈተሸው የቅርብ ጊዜ ሎግ እንግዲህ በቶሎ በሚገኝበት ቦታ ይቆይ፤ ለአብዛኛው ድርጅት 30 ቀን በቂ ይመስለኛል።

ማስቀመጫው ርካሽ መሆኑ ግን ሁሉንም ለማቆየት ምክንያት አይሆንም። በሎግ ውስጥ የደንበኞች ስም፣ ስልክ ቁጥርና የክፍያ ዝርዝር ይገኛል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል መረጃ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቆይ ይጠይቃል። የማዛወሪያው ደንብ (ፋይሎች መቼ ወዴት እንደሚዛወሩ ለማከማቻው የሚሰጠው ትእዛዝ) ሲጻፍ የመሰረዣው ቀንም በዚያው ደንብ ውስጥ መጻፍ አለበት፤ ቀኑንም ከባለሙያው ጋር የሕግና የፋይናንስ ክፍሎች ተፈራርመው ይወስኑት።