የተቀደደ የመሪ ላስቲክ «ችግር የለውም» ለምትሉ

ስለ ሃይሉክስ ቪጎ መሪ ከተሰጡት አስተያየቶች ብዙዎቹ ተመሳሳይ ናቸው። ከራኩ (የመሪውን መዞር ወደ ፊት ጎማዎች ከሚያደርሰው ክፍል) ግራና ቀኝ ያለው የተሸበሸበ ላስቲክ ቢቀደድም መሪው ዘይት እስካላፈሰሰ ድረስ ችግር የለውም፤ ግራሶ ቀብቶ በፕላስተር መጠቅለል ይበቃል የሚሉ ናቸው። ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ልክ አይደለም።

መሪው በዞረ ቁጥር ላስቲኩ እንደ አኮርዲዮን ይሳባል፣ ይሰበሰባል። ከተቀደደ አቧራና የጭቃ ውኃ ወደ ውስጥ ይምጋል። ግራሶው ደግሞ አሸዋውን እዚያው ይዞ ያስቀረዋል። በራኩ ውስጥ ግራና ቀኝ የሚመላለሰው ዘንግ ይዝጋል፤ የዛገው ዘንግ በተመላለሰ ቁጥር የዘይቱን ሲል፣ ማለትም ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደውን ቀለበት፣ ይበላዋል። የውስጠኛው መገጣጠሚያም ይላላል። መፍሰሱን እየጠበቃችሁ ከሆነ፣ ሲፈስ የምትገዙት ላስቲክ ሳይሆን ራክ ነው። ፕላስተሩማ ሁለት ኩርባ አይሻገርም።

ለማየት ቀላል ነው። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ አንድ ጎን አዙሩና ሞተሩን አጥፉ። በተለጠጠው በኩል እጥፋቶቹን በባትሪ እዩ፤ ስንጥቁ የሚደበቀው እዚያ ነው። ከዚያ ሌላውን ጎን። የውጭውን ፋሼታ (ላስቲኩን አጥብቆ የሚይዘውን ማሰሪያ) ፈታ አድርጋችሁ ላስቲኩን ገፋ ስታደርጉ ወፍራም ግራሶ ካያችሁ ጤነኛ ነው። ቀጭን የመሪ ዘይት ካቆረ ግን ሲሉ ሄዷል፤ ላስቲክ ብቻ መቀየር አያድነውም።

ላስቲኩን ለመቀየር ከጎማው በኩል ያለው የጫፉ መገጣጠሚያ መፈታት አለበት። ዳዶው የነበረበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ፤ ሲያልቅ ደግሞ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አሠሩ፤ ያለዚያ ጎማው በአንድ ጎን ይበላል።