ደብዳቤውን የጻፈችው ራሷ ልጅቷ ናት

ነገሩን የቀሰቀሱት ካራቫኖች፣ በመኪና የሚጎተቱ መኖሪያ ቤቶች፣ ናቸው። ለንደን ውስጥ የወዳጃችንን ልጅ ክርስትና እየበላን ነው። ከቤቱ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ሰባት ስምንት ካራቫን ሰፍሯል። ባለቤቶቹ ጂፕሲና ትራቭለር የሚባሉት፣ በዘልማድ ከቦታ ቦታ በመዘዋወር የሚታወቁት ሰዎች ናቸው። ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ሊያስነሳቸው እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። አውቶብስ የሚነዳው ጓደኛችን በመስኮት ቃኘት አደረገና ጀመረ።

“እነዚህ ሰዎች ልጆቻቸውን አያስተምሩም። ሴቶቹንማ ጭራሽ! ትንሽ ጠና ሲሉ መዳር ነው።”

“አሁን እንኳ ተከልክሏል” አለ የቤቱ አባወራ። “ከ2023 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ የለም።” (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያንብቡልኝ።)

“ሕጉማ እኛም አገር 18 ነው። ታዲያ ቀረ?”

ሳቅ ሆነ። የመጀመሪያውን ዙር ሹፌሩ አሸነፈ።

ረዳት መምህርቷ ግን አልሳቀችም። የምትሠራው ፕራይመሪ (አንደኛ ደረጃ) ትምህርት ቤት ነው። የጂፕሲም፣ የአይሪሽ ትራቭለርም፣ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ፣ የጂፕሲዎች ዘመድ የሆነው የሮማ ሕዝብ ልጆችም በእጇ አልፈዋል። “ስማኝ ወንድሜ” አለችው። “አያስተምሯቸውም ያልካቸው ልጆች እኔ ክፍል ነበሩ። ዩኒፎርማቸው ተተኩሶ፣ ፀጉራቸው ተጎንጉኖ ነው የሚመጡት። የሚጠፉብን በአሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ፕራይመሪ ሲያልቅ፣ ሰከንደሪ ሊገቡ ሲሉ።”

ከዚያ የአንዲት ተማሪዋን ነገር አወራችልን። ልጅቷ ንባብ ነፍሷ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ትንንሾቹን ሰብስባ ታነብላቸዋለች። ፕራይመሪን ልትጨርስ ስትል እናትየዋ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ለማን እንደምትሰጠው ግራ ስለገባት ወደምታውቃቸው ሰዎች መምጣቷ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ ልጄን ቤት ስለማስተምራት የተሰጣት የሰከንደሪ ቦታ ይቅር። ረዳት መምህርቷ የእጅ ጽሑፉን ገና እንዳየችው አወቀችው። ልቅም ያለ ጽሑፍ ነው፣ አንድ የፊደል ስህተት የለበትም። እናትየዋ ማንበብና መጻፍ አትችልም። ደብዳቤውን የጻፈችው ራሷ ልጅቷ ናት። እናቷ ከሥር ፈረመችበት።

“ለምን ብሎ የጠየቃት አለ?” አልኳት።

“ማን ይጠይቃታል? እዚህ አገር ቤት አስተምራለሁ ላለ ወላጅ ፈቃድ አያስፈልገውም። ድጎማም ሰባራ ሳንቲም አይሰጠውም። ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ገባ፣ አለቀ።”

“ወላጆቿ ራሳቸው ፈርመው ካስቀሯት” አለ ሹፌሩ፣ “ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?”

ከዚህ በኋላ ቡናውንም የረሳነው መሰለኝ። በዕድሜ ትልቃችን የሆኑት ጋሼ “እኔ በሰዎቹ አልፈርድም” አሉ። “ሰከንደሪው ሺህ ልጅ የሚርመሰመስበት ነው። ልጆቻቸው ይሰደባሉ፣ ይመታሉ። ዕፁ አለ፣ ወንዱ አለ። ደግሞ ያ የወሲብ ትምህርት! ሰው ሴት ልጁን ቢጠብቅ ምን ይገርማል? ባህላቸው ነው።”

“እኔስ ሴት ልጅ የለኝም?” አለ ሹፌሩ። “አስቀረኋት?”

“አላስቀረሃትም” አለችው ረዳት መምህርቷ። “ግን አምና ስለዚያው ትምህርት ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሄደህ ስትጮህ አልነበር?”

“ጮኼያለሁ።”

“ከዚያስ? ወላጅ ጠይቆ ከወሲብ ትምህርቱ ብቻ ልጁን ማስቀረት እንደሚችል የተላከልህ ወረቀት ላይ አነበብክ። አንተ ማንበብ ትችላለህ። ለእሷ እናት ማን ያንብብላት? ከአንዲት ክፍለ ጊዜ ለማዳን ብላ ከትምህርት ቤቱ በሙሉ አስቀረቻት።”

ሹፌሩ ስኒውን አዙሮ አዙሮ “እሱስ እውነትሽን ነው” አለ። ግን እጅ አልሰጠም። “ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚል ሰው ልጅ እንዴት ብሎ ይማራል?” ብሎ በሌላ በኩል መጣ።

ይሄኛው ብዙ አላስኬደውም። በ2011ዱ የእንግሊዝና ዌልስ ሕዝብ ቆጠራ ጂፕሲ ወይም አይሪሽ ትራቭለር ነን ካሉት ሰዎች ሦስት አራተኛው የሚኖሩት በቤትና በአፓርታማ ነው። በዚያው ቆጠራ፣ 16 ዓመት ከሞላቸው ውስጥ 60 በመቶው ምንም የትምህርት ማስረጃ አልነበራቸውም። ቤት ይዘው ተቀምጠውም ልጆቹ ያቋርጣሉ ማለት ነው። በካራቫን ለሚኖሩትም ቢሆን በ1968 የወጣ ሕግ ካውንስሎች ማረፊያ ቦታ እንዲያዘጋጁላቸው ያስገድድ ነበር። ግዴታው በ1994 ተነሳ። ማረፊያውን ከልክሎ “አንድ ቦታ አይቀመጡም” ብሎ መውቀስ ለእኔ አይዋጥልኝም።

የእኔ ፍርድ ይኸው።

ሹፌሩ ስለ ትዳሩ ያለው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። በብዙ ቤተሰብ ሴት ልጅ በጊዜ አግብታ ቤቷን እንድትይዝ ይጠበቃል። ቤት ትማራለች የተባለችውም በአመዛኙ የምትማረው ጽዳትና ልጅ ማሳደግ ነው። ወንዶቹም ያቋርጣሉ፣ ግን ከአባታቸው ጋር ወጥተው ሥራ ይለምዳሉ፣ ገንዘብ ይይዛሉ። እሷ ምን ይዛ ትቀራለች? ጋሼ “ባህላቸው ነው” ብለው ሊያልፉት ፈለጉ። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኛ ቤት ሲሆን ባህል ነው ብለን አናልፈውም።

ግን ዕድሜውን እንቁጠረው። ልጅቷ የወጣችው በ11 ዓመቷ ነው። አሁን ባለው ሕግ የምታገባው ቢፈጥን በ18 ነው። መሃል ላይ ሰባት ዓመት አለ። ሰርጉ አስወጣት ማለት አያስኬድም። ሰርጉ የሚመጣው ከወጣች በኋላ ነው፤ ሌላ የሚጠብቃት ነገር ሲጠፋ።

“ፈርመዋል” የሚለውስ? ይህ ክርክር አውሮፓ ውስጥ ፍርድ ቤት ደርሷል። በቼክ ሪፐብሊክ ኦስትራቫ ከተማ የሮማ ልጆች የአእምሮ ውስንነት ላለባቸው ሕፃናት ወደተከፈቱ ልዩ ትምህርት ቤቶች ይላኩ ነበር። አንድ የሮማ ልጅ እዚያ የመግባት ዕድሉ ሮማ ካልሆነው በ27 እጥፍ ይበልጥ ነበር። የአሥራ ስምንት ልጆች ጉዳይ በ2000 ስትራስቡርግ ወደሚገኘው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ቀረበ። የመጀመሪያው ችሎት በ2006 አልተቀበላቸውም። ይግባኝ ብለው በኅዳር 2007 በታላቁ ችሎት 13 ለ 4 ረቱ። ሰባት ዓመት መሟገታቸው ነው። ትምህርት አይወዱም ለሚባሉ ሰዎች ይህ ብዙ አይደለም?

መንግሥት ካቀረባቸው መከላከያዎች አንዱ “ወላጆቹ ፈቅደው ፈርመዋል” የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ራሳቸው ያልተማሩ፣ ሌላ አማራጭ ያልተነገራቸው ወላጆች የፈረሙት ወረቀት ልጆቻቸውን አድልዎ እንዳይፈጸምባቸው ያላቸውን መብት አያሳጣቸውም አለ። የቼኩ ጉዳይ ከእንግሊዙ እንደሚለይ አውቃለሁ። እዚያ ወደ ተሳሳተ ትምህርት ቤት ተላኩ፣ እዚህ በፈቃዳቸው ይወጣሉ። ፊርማው ላይ ግን ልዩነቱ አይታየኝም።

ረዳት መምህርቷ እንደነገረችን ቀደም ሲል ካውንስሎች ካራቫን ድረስ እየሄዱ እናቶችን የሚያነጋግሩ መምህራን ነበሯቸው። ከ2010 በኋላ በመጣው የበጀት ቅነሳ ብዙዎቹ ቀርተዋል። ከእናትየዋ ጋር ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣ፣ ሰከንደሪውን ወስዶ የሚያሳያት፣ ከየትኛው ትምህርት ልጇን ማስቀረት እንደምትችል የሚነግራት ሰው የለም።

ሹፌሩ “ጥፋቱ የማን ነው?” ብሎ ስለጠየቀ፣ ጥፋቱ የሚጀምረው “ለምን?” ብሎ ሳይጠይቅ ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ከከተተው ሰው ነው። የወላጆቿ ድርሻ ከዚያ ይከተላል፤ እሱም ቢሆን ትንሽ አይደለም። ሹፌሩ ቅደም ተከተሉን ገልብጠሽዋል ብሎኛል። አልገለበጥኩትም።