ገበሬው ቡናውን የሚያስቆርጠው ሹመት አይቶ አይደለም

ሰሞኑን ጅማ ላይ ለአንድ አንጋፋ የግብርና ኃላፊ ሽኝት ተደርጎ ነበር። ሰውየው ከልማት ሠራተኝነት ተነስተው፣ በወረዳ አልፈው፣ ዞን ደርሰው 60 ዓመት ሲሞላቸው ጡረታ ወጡ። ጋቢ ተደረበላቸው፣ ተጨበጨበ። ከዚያ አንድ ሹም ማይክ ይዘው፣ የቆየ ሠራተኛ ለውጥ ይጎትታል፣ ኮምፒውተር እንኳ አይነካም፣ አሁን በአዲስ ኃይል እንተካለን አሉ። እዚያው፣ ሰውየው ፊት!

ያሳፍራል። ኮምፒውተር በአንድ ወር ሥልጠና ይለመዳል። የገበሬ እምነት ግን በሥልጠና አይገኝም።

ጉንደላን እንውሰድ። ያረጀ ቡና ከመሬት 30 ወይም 40 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ተብሎ በሰያፍ ይቆረጣል፤ ዝናብ ጉቶው ላይ ተኝቶ እንዳያበሰብሰው። ብዙ ቀንበጥ ያወጣል፣ ጠንካሮቹ ተመርጠው ሌላው ይነቀላል። እንደገና እስኪያፈራ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። እስከዚያ ገበሬው ከዚያ ማሳ ቡና አይለቅምም። ታዲያ የጎማ ወይም የማና ወረዳ ገበሬ የልጆቹን ቀለብ በመጋዝ የሚያስቆርጠው ማንን አምኖ ነው? ሰርኩላር አንብቦ? በጭራሽ! አምናም ካቻምናም ማሳው ላይ ያየውን፣ ነገር ቢበላሽ ቢሮው ሄዶ የሚያፋጥጠውን ሰው አምኖ ነው። በየሁለት ዓመቱ የሚነሳ ኃላፊ ያስቆረጠው ቡና ሳያፈራ ይሄዳል። ሪፖርቱ የእሱ፣ ኪሳራው የገበሬው።

አንድ ሥራ ላይ ረግቶ መቆየት ደግሞ ለጅማ አዲስ ነገር አይደለም። ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በ1974 ከመቱ አካባቢ በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎች ተመረጡ፤ 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች ለገበሬው የተለቀቁት ግን በ1979 ነው። ጅማ ያለው የመልኮ ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች በየበጀት ዓመቱ ቢቀያየሩ ኖሮ ያንን ማን ይጨርሰው ነበር? የእነሱን ስም ገበሬው አያውቅም፤ ቁጥሩን ግን እስከ ዛሬ ይተክላል።

ወንበር ይዞ የሚያንቀላፋ የለም አላልኩም። ይገምገም፣ ይውጣ። ግን ዕድሜ ልኩን ጭቃ ሲረግጥ የኖረን ሰው ከእሱ ጋር መደመር ግፍ ነው።

ጡረታው ሕግ ነው፣ አልከራከርም። ዞኑ ግን ተተኪውን ከመመደቡ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅልኝ፤ ያስጎነደሉት ቡና ሲያፈራ አይተው ያውቃሉ? ካላዩ፣ ጡረተኛውን በአማካሪነት ይለምኑና ቢያንስ አንድ የምርት ዘመን አብረዋቸው ማሳ ይዙሩ። አበሉንም ሳይሰስቱ ይክፈሏቸው።